የሐሙስ አፍ

ሃያ ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ሽንት ቤት ደርሶ ለመመለስ ትበቃለች። በር ላይ ትኩስ አካራ፣ ያን የአተር ጥብስ፣ ገዝቶ ቆሞ ለመጉረስም ትበቃለች። ስልክ ደውሎ ልጅን «እንዴት ዋልሽ» ለማለት ትበቃለች፤ ልጅየዋ መመለስ ስትጀምር ግን ታልቃለች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ስምንት የብርጭቆ ቱቦ ከሞቀ ውሃ ገንዳ አውጥቼ እጠርጋለሁ፤ አንድ በአንድ የብርሃን መለኪያው ውስጥ ከትቼ ምን ያህል እንደደፈረሰ አነባለሁ፤ ቁጥሩን መዝገብ ላይ አሰፍርና መልሼ እነክረዋለሁ። ይሄ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። የቀረችው ሃያ ደቂቃ የእኔ ናት። አራት ዓመት የኖርኩት በእነዚህ ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ስሜ ሞሱንሞላ ነው። ኢባዳን ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የሰው አፍ ባክቴሪያ እየመገብኩ እለካለሁ። ቀልድ አይደለም፣ ሥራው ይኸው ነው። ከአፍ የተወሰደው ባክቴሪያ ሾርባ ውስጥ ይገባል፣ ሾርባው ላይ አንድ ዓይነት ምግብ ይጨመራል። ምግቡ ከተስማማው ይባዛል፤ ሲባዛ ሾርባው ይደፈርሳል፤ መለኪያው ያንን ድፍርስ በቁጥር ይነግረኛል። ሰኞ ስኳር፣ ማክሰኞ ማር፣ ረቡዕ ጋሪ የሚባለው የካሳቫ ዱቄት፣ ሐሙስ ደግሞ ኦጊ፣ ያ ልጅ ሁሉ የሚያድግበት የኮመጠጠ የበቆሎ አጥሚት። ዓላማው ከምንበላው ሁሉ ጥርስ አብስባሹን የሚያደልበው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው። እኔ በደንብ ያወቅኩት ግን ክፍሉ ርዝመቱ ስምንት፣ ወርዱ አምስት እርምጃ መሆኑን ነው።

መስኮቱ አይከፈትም። ሐርማታን፣ ያ የበረሃው አቧራማ ነፋስ፣ ሲነፍስ አቧራው ቱቦ ውስጥ እንዳይገባ ዙሪያውን በፕላስተር ያሸግሁት እኔው ነኝ። ገንዳው ሲሞቅ ክፍሉም አብሮ ይሞቃል፤ እኔም አብሬ እቀቀላለሁ። ሌላ ሰው ተክቶኝ እንዲያነብ አይፈቀድም፤ አለቃዬ ፕሮፌሰር ኦላጉንጁ አንባቢው ከተለወጠ ቁጥሩም ይለወጣል ባይ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ግን ሲለዋወጡ ነው የኖሩት። በመጀመሪያው ዓመት መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረው ባክቴሪያ ሁሉ ሲሞትብኝ አይዞሽ አሉኝ። በሁለተኛው ዓመት ርዕሱን ለወጡት። በሦስተኛው ውጭ አገር ሄደው ዘጠኝ ወር ቆዩ፤ የሚፈርም ሰው ጠፋ። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።

አሁን ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። እያንዳንዱ ምግብ ሦስት ጊዜ መለካት አለበት፤ አሥራ ሁለት ቀን፣ አሥራ ሁለት ቅጽ ማለት ነው። የምነግራችሁ ሐሙስ አሥራ ሁለተኛዋ ናት። ንባቧ ከቀደሙት ሁለት ሐሙሶች ጋር ከገጠመ ፕሮፌሰሩ ሥራዋን ጨርሳለች የሚለውን ደብዳቤ ሊፈርሙልኝ ቃል ገብተዋል። ደብዳቤው በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ኦግቦሞሾ መድረስ አለበት። እዚያ አንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ሥራ ይዞልኛል፤ ዓርብ ካለፈ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ኦግቦሞሾ እናቴ አለች፣ እናቴ ዘንድ ደግሞ ልጄ አበኬ አለች። አባቷን አትጠይቁኝ። ትቻት ስመጣ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ስድስት ሞላት። እናቴን «እማዬ» ነው የምትላት። በስልክ እኔን «አክስቴ» ያለችኝ ቀን ስልኩን ዘግቼ ቱቦ ስጠርግ ዋልኩ። ንባብ ደርሶ ነበር።

ባክቴሪያው የማን ነው ካላችሁ የባባ አዲጉን ነው። ባባ አዲጉን የሕንጻው ዘበኛ ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸው ሠላሳ ሁለቱም ጥርሳቸው በቦታው አለ። ፕሮፌሰሩ አንድ ቀን አፋቸውን አስከፍተው አዩና ከዚህ የተሻለ አፍ በከተማው አይገኝም ብለው መረጧቸው። ሽማግሌው ይኮሩበታል። ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ እኔ በር ላይ ቀረሁ እንጂ አፌስ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል ይሉታል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትንሽ ቱቦ ይዤ እወጣለሁ፤ ተንበርክኬ ሰላም እላቸዋለሁ፤ ምራቃቸውን ይተፉልኛል። አንዳንድ ቀን ሰላምታዬን ራሳቸውን ነቅንቀው ብቻ ይቀበሉና ከተፉ በኋላ ያወራሉ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከእኔ ቀድመው ሰላም ይሉኛል። የሽማግሌ ጠባይ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ምራቁ የሚወሰደው ካልታጠበ አፍ ነው። ይህንን ፕሮፌሰሩ በመጀመሪያው ቀን ነግረዋቸዋል። ቅጹም ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ ሰጪው ዛሬ አፉን አጽድቷል? አዎ ወይም የለም። እኔ አሥራ ሁለት ጊዜ «የለም» ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። አንድም ጊዜ አልጠየቅኩም።

እንዴት ብዬ ልጠይቅ? እኛ ዘንድ ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ አፉን ሳያጸዳ ሰላምታ እንኳ አይሰጥም። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን መፋቂያ ሳልነካ አባቴ ፊት ተንበርክኬ «እንደምን አደሩ» ብል ፊቱን አዙሮ እስክመለስ ድረስ ዝም አለኝ። ያን ቀን ያፈርኩትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። እና አሁን የልጅ ልጅ ያዩትን ሰውዬ ተንበርክኬ፣ ባባ፣ አፍዎ አልታጠበም አይደል ልበላቸው? እንዲህ የሚል ሰው ካለ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን በወረቀት እንጂ በአንደበቱ አይለውም።

ያቺ ሐሙስ በጥፋት ነው የጀመረችው። ኦጊውን ሳጠልል ጨርቁ ተቀደደና ግማሹ መሬት ፈሰሰ። የዕለቱ ምግብ ሰባት ቱቦ ይሞላል፣ ስምንተኛው ባዶ ሾርባ ነው፤ የተረፈው ኦጊ ግን ለስድስት ብቻ በቃ። ሰባተኛው ባዶውን ከሚቀር ብዬ ስኳር ጨመርኩበት። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። በእርግጥ ከሁለት ዓመት በፊት ስኳር በየቀኑ አብሮ ይግባ፣ አለዚያ አንዱን ቀን ከሌላው በምን እናመሳክራለን ብዬ ፕሮፌሰሩን ጠይቄ ነበር። ለመለኪያው የሚሆነው ቱቦ ያለን ስምንት ብቻ ነው፣ ከየት ይመጣል ብለውኝ ነገሩ እዚያው ቀረ። መዝገቡ ላይ ለስኳር ቦታ ስላልነበረ የሰባተኛውን ቁጥር በግራ እጄ ላይ በእስክሪብቶ እጽፍ ጀመር።

ሰኞ ዕለት ስኳር የገባባቸው ቱቦዎች በአራተኛው ሰዓት እንደ ሩዝ ውሃ ይደፈርሳሉ፤ መለኪያው 0.60 ይላል። ኦጊ ግን ሁለቱንም ሐሙስ 0.06 ላይ ጀምሮ 0.09 ላይ ነበር የዋለው። ፕሮፌሰሩ በዚህ የተነሣ እግራቸው መሬት አልነካም። የአባቶቻችን ምግብ ጥርስ አብስባሹን አያበላም ብለው ሌጎስ ላይ ለሚደረግ ጉባኤ ጽፈዋል፤ ሰኞ በሬዲዮ ሊናገሩም ተይዞላቸዋል።

በአምስት ሰዓቱ ንባብ ኦጊዎቹ እንደተጠበቀው 0.08 አሉ። ሰባተኛውን ከተትኩ። 0.08።

ጠርጌ ደገምኩት። ያው ነው። ስኳር ሳልጨምር ቀርቼ እንደሆነ ብዬ ጠርሙሱን አየሁ፤ ጎድሏል። ምናልባት ጨው ይሆናል ብዬ በጣቴ ጫፍ ቀመስኩት። ላቦራቶሪ ውስጥ መቅመስ ክልክል ነው፤ ቀመስኩ። ስኳር ነው። በአምስት ተኩልም፣ በስድስትም ያው 0.08። እጄ ላይ ስምንት ስምንት ሲደረደር አየሁት። ስኳር የማይበላ የአፍ ባክቴሪያ የለም። ስኳሩን ካልበላ ኦጊውንም ያልበላው ጠልቶት አይደለም። መጀመሪያውኑ ሞቷል ማለት ነው። መለኪያው ደግሞ የሞተውን ካለው አይለይም፤ ሁለቱም ብርሃን ይጋርዳሉ፣ ጠዋት ላይ ቁጥራቸው እኩል ነው። የሰኞው አፍና የሐሙሱ አፍ የተለያዩ ናቸው።

ሃያ ደቂቃዬን ይዤ ወደ በሩ ወጣሁ። ባባ አዲጉን አግዳሚያቸው ላይ ተቀምጠው አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ከዓይናቸው ይጠርጋሉ። ተንበረከክኩ። ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ምን ሆነሽ ነው፣ ፊትሽ ሐርማታን መስሏል አሉኝ።

«ባባ፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚመጡት ከቤትዎ ከኦጄ ነው አይደል?»

«ታዲያ ከየት ልምጣ? ሦስት ሌሊት እዚህ አድሬ ረቡዕ ማታም ቤቴ ካልገባሁ ሚስቴ ሌላ ዘበኛ ትቀጥራለች።»

ሳቅኩ። ከዚያ ስለ ልጆቹ ጠየቅኳቸው፤ ሌላ የምጠይቅበት መንገድ አልነበረኝም። ፊታቸው በራ። አሥራ አንድ የልጅ ልጅ አላቸው። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሁሉም ደጃፋቸው ላይ ይሰለፋሉ፤ ወንዶቹ በደረታቸው ይዘረጋሉ፣ ሴቶቹ ይንበረከካሉ፣ እሳቸው እያንዳንዱን በማቆላመጫ ስሙ እየጠሩ ይመርቁታል። ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቋት ቀን ናት። አንድ ሐሙስ ታመው ሳይመርቁ ቢቀሩ ትንሿ አልተመረቅኩም ብላ ቁርስ እምቢ አለች አሉኝ።

«እንግዲያ ጠዋት ሲመርቋቸው…» ብዬ ቆምኩ።

ባባ አዲጉን ዓይኔን አዩት። የአፍ ነገር እንደሆነ ገባቸው መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በእንቅልፍ አፌ እመርቃቸዋለሁ ብለሽ ነው? እንዴት ይሆናል የአበኬ እናት? ያን የሚለበልበውን መፋቂያ ነው የምፍቀው፣ ገና ሲነከስ ምላስ የሚያደነዝዘውን። ከዚያ ተጉመጥምጬ ነው በሩን የምከፍተው።»

«ፕሮፌሰሩ ያሉትስ?»

«እሱን መቼ ረሳሁ? ከሰኞ እስከ ረቡዕ አንቺ እስክትመጪ ለማንም ቃል አልተነፍስም። ሐሙስ ግን ቤቴ ነኝ፣ ልጆቹ ፊቴ ናቸው። አንቺም አልጠየቅሽኝ።»

ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ደቂቃ ቀርቶኛል። ምንም ሳልነግራቸው ተነሥቼ ሮጥኩ። ደረጃው ላይ ሳለሁ አባቴን፣ ባባን፣ ያንን ቅጽ ያዘጋጀውን ሰው፣ ሁሉንም ረገምኩ፤ ከሁሉ አብልጬ የረገምኩት ግን ራሴን ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከእኔ ቀድመው ሰላም የሚሉኝ አፋቸው ንጹሕ ስለሆነ ነበር። ፊት ለፊቴ ነበር፣ በየሳምንቱ።

ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ፤ ከጎኔ ባለው ክፍል ለምትሠራው ለኪኬሎሞ። ኪኬሎሞ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ አምስት ተማሪ እዚያ ክፍል ውስጥ ሲያረጅ አይታለች። እጄን ይዛ ቁጥሮቹን አነበበች። ከዚያ ከመደርደሪያዋ ሳሙና አንሥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። ታጠቢው፣ ነገ ዓርብ ነው፣ ልጅሽ ትጠብቅሻለች አለችኝ። ሰባተኛው ቱቦ በዕቅድ አልነበረም፤ ያልነበረ ቱቦ ምንም አይናገርም ስትል ጨመረች። ክፋት ኖሯት አልነበረም፤ ወድዳኝ ነው። ሳሙናውን በኪሴ ከተትኩት።

በስምንት ሰዓቱ ንባብና በስምንት ተኩሉ መካከል እናቴ ደወለች። ሻንጣሽን አዘጋጀሽ ወይ ለማለት ነበር። አበኬ በሩ ላይ የሚለጠፍ ሥዕል ሥላልኛለች፤ ከአንድ ሳምንት ወዲህ አክስቴ ማለቷን ትታ ሰውዬዋ መቼ ነው የምትመጣው ትላለች። እናቴ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ቀጥላ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት በኩራት የነገርኳትን መልሳ ነገረችኝ።

«ያልሽኝን አድርጌያለሁ። ጥርስ አይነካም ካልሽ ወዲህ ማታ ማታ ኦጊዋን ስኳር ጣል አድርጌ እሰጣታለሁ፣ እዚያው ጠጥታ ትተኛለች። አፍሽን ታጠቢ ብዬ መጨቃጨቁ ቀረልኝ።»

ገንዳው ያንጎራጉራል። ስምንቱ ቱቦዎች አንገታቸውን አውጥተው ውሃው ውስጥ ቆመዋል። እናቴን ንባብ ደርሷል ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፤ ገና አሥራ አንድ ደቂቃ ነበረኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ልጄ የምትጠጣው የእኔን ውሸት ነው። እውነቱን ብናገር ደግሞ ልጄን አላገኛትም። በሩ ተቆልፎብኝ ቁልፉ አፌ ውስጥ ያለ መሰለኝ።

ፕሮፌሰር ኦላጉንጁ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጡ፤ የመጨረሻዋን ንባብ እያነበብኩ ነበር። ከኋላዬ ቆመው የኦጊዎቹን ቁጥር ተመለከቱና ትከሻዬን መታ አደረጉ። ሦስቱም ሐሙስ እንደ መንታ ናቸው አሉ። ከዚያ ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ።

«ሰባተኛው ምንድን ነው?»

«ስኳር ነው፣ ፕሮፌሰር።»

ሞኝ ሰው አይደሉም። ሁሉም ነገር እዚያው ቆመው እንደገባቸው ከአንገታቸው አወቅኩት፤ ላብ አጠመቀው። እኔም የባባ አዲጉንን ነገር ነገርኳቸው። ወደ ታሸገው መስኮት ሄደው ምንም የማይታይበትን መስታወት ጥቂት ተመለከቱ። ሲመለሱ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር።

«ስኳር በሐሙስ ዕቅድ ውስጥ የለም። በዕቅድ የሌለ ቱቦ አይመዘገብም። ሽማግሌውም ቢሆኑ አፋቸውን ታጥበዋል የሚል ቅጽ የለሽም፤ አልታጠቡም የሚል ነው ያለሽ፣ በራስሽ እጅ የተሞላ።»

ከቦርሳቸው ደብዳቤውን አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አጎንብሰው ፈረሙት። አራት ዓመት የጠበቅኩት ፊርማ ሁለት ሰከንድ እንኳ አልፈጀም። ገጹን በስድስቱ ቱቦ ጨርሰሽ መዝገቡን ጸሐፊዬ ጋ ተዪው አሉኝ። በሩ ላይ ዞር ብለው ልጅሽን ሰላም በይልኝ ሲሉ ጨመሩበት። በአራት ዓመት ስለ ልጄ ሲያነሡ የመጀመሪያቸው ነው።

ደብዳቤውን በቦርሳዬ ከትቼ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ሳሙናውን አወጣሁ። ውሃውን ከፈትኩት። ጀግና ነበረች እንዳትሉኝ፤ እጄን ውሃው ሥር አድርጌዋለሁ፣ የመጨረሻዋ ቁጥር ስትደበዝዝም አይቻለሁ። ያቆመኝ የእናቴ ድምፅ ነው። ሰኞ ፕሮፌሰሩ በሬዲዮ ሲናገሩ እንደ እናቴ ያሉ ስንት ሴቶች መጨቃጨቁ ቀረልን ይላሉ ብዬ አሰብኩ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ልታጠብ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ተናድጄ ውሃውን ዘጋሁት።

ተመልሼ ገብቼ ከእጄ ላይ ሃያ አንዱንም ቁጥር መዝገቡ ላይ ገለበጥኩ። የደበዘዘችውን የመጨረሻዋን ከቱቦው ላይ እንደገና አነበብኩ፤ 0.09። ቀጥዬ ቅጾቹን አወጣሁ። በሦስቱ የሐሙስ ቅጾች ላይ «የለም»ን ሰርዤ «አዎ» አልኩ። በዘጠኙ ላይ ምልክቱን ሰርዤ «አልተጠየቀም» ብዬ ጻፍኩና በእያንዳንዱ ሥር ስሜን አሰፈርኩ። ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አውጥቼ በመዝገቡ ገጾች መካከል አስገባሁት። ፕሮፌሰሩን መኪናቸው ጋ ደረስኩባቸው።

ቆመው ሁሉንም አነበቡ።

«ይሄን ባትጽፊው ማንም አያውቅም ነበር፤ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ይቀዱታል ብዬ ነበር፤ አልቀደዱትም። ደብዳቤውን በጥንቃቄ አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት። ሬዲዮውን እሰርዛለሁ፣ ሌጎስ ላይ ስለ ማር እናገራለሁ አሉ። አሥራ ሁለቱም ቀን እንደገና ይለካል፣ በየቀኑ ስኳር ይግባበት፣ ከመጪው ሐሙስ ጀምሪ አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ነገ ሊበርድለት ይችላል። መኪናው ሲወጣ አቧራው እላዬ ላይ ተነፋ፣ እኔም መዝገቡን ታቅፌ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ባባ አዲጉን ሊወጡ ነጠላቸውን እያጣፉ ነበር። ያን ጊዜ ተንበረከክኩና የማይጠየቀውን ጠየቅኩ። መሬት መሬት እያየሁ፣ በሚመጣው ሐሙስ አፍዎን ሳይታጠቡ ይምጡልኝ አልኳቸው። ለምን እንደሆነም ነገርኳቸው፤ ስለ ሦስቱ ሐሙስ፣ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ዓርብ። አንድም ነገር አልደበቅኩም። ሽማግሌው ነጠላቸውን ማጣፋት ተዉ። ሰደብኳቸው ብዬ ደነገጥኩ።

«አንቺ ልትጠይቂኝ አፈርሽ፤ እኔ አፌ ገምቶ ልመጣ አፈርኩ» አሉ በመጨረሻ። «እስኪ እኛን እዪን፣ የአበኬ እናት። በሁለታችን ጨዋነት ልጅሽ እናት አጣች።»

ሊያስቁኝ ነው ብዬ ቀና ስል ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

ለእናቴ የደወልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ኦጊውን ጠጥታ ሳትታጠብ እንዳትተኛ ነገርኳት፤ የነገርኩሽ ስሕተት ነበር፣ ጥፋቱም የእኔ ነው አልኳት። እሺ አለች። ነገ በስንት ሰዓት እንደምደርስ ጠየቀችኝ። መልስ ፈልጌ ሳጣ እናቴ ራሷ ገባት መሰለኝ፣ ሥዕሉን ከበሩ ላይ አላነሣውም፣ እዚያው ይቆይ ብላ ዘጋችው።

በሚቀጥለው ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቱቦዬን ይዤ ወጣሁ። ባባ አዲጉን ከኦጄ በእግራቸው መጥተዋል፤ በሚኒባስ ቢመጡ ሰው ሰላም ይላቸዋል። በሰፊው እጅጌያቸው አፋቸውን ሸፍነው ቆመዋል። ተንበርክኬ «እንደምን አደሩ» አልኩ፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ጥያቄውን ጠየቅኩ። ባባ፣ ዛሬ አፍዎን አጽድተዋል? ራሳቸውን ግራ ቀኝ አወዛወዙ። ቅጹ ላይ «የለም» አልኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ «የለም» ነበር። ምራቃቸውን ተፉልኝ፣ ሮጬ ገባሁ፣ ባክቴሪያውን ከምራቁ ለይቼ አጥቤ ስምንቱን ቱቦ ሞላሁ፤ ስድስት ኦጊ፣ አንድ ስኳር፣ አንድ ባዶ።

አንድ ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀር ውሃ ልቀዳ ስወጣ ከቧንቧው ሥር አገኘኋቸው። መፋቂያቸውን ፍቀው ጨርሰው እየተጉመጠመጡ ነው። ሲያዩኝ ውሃውን ተፍተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ልጆቹስ እንዴት ሆኑ አልኳቸው።

«ሳይነቁ በጓሮ ወጣሁ። ትንሿ ግን ነቅታ ኖሮ በመስኮት አየችኝ። ጠራችኝ። አልመለስኩላትም።»

ገና ሁለት ሐሙስ እንደሚቀር ሁለታችንም እናውቃለን። ባባ አዲጉን እርጥብ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

«ዛሬ ከአፌ የሚወጣው የመጀመሪያው ምርቃት ላንቺ ነው፣ የአበኬ እናት። ከዚህ ክፍል ያውጣሽ።»

«አሚን» አልኩና ተነሥቼ ወደ ክፍሉ ገባሁ። የመጀመሪያው ንባብ ደርሶ ነበር።